ቤቱ ሁሉ ጋን ያጠነ ዕለት

ባለፈው ዓመት የባለቤቴ የእህት ልጅ ስታገባ እስቴ ሄጄ ነበር። ገና ወደ ሰርግ ቤቱ ግቢ እግሬን ሳስገባ፣ ሴቶቹ በጓሮ በኩል ትልልቅ ጋኖች በወይራ ጢስ ላይ ደፍተው ሲያጥኑ ደረስኩ። ጢሱ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ "እሰይ፣ ጠላው ሊጣፍጥ ነው" ይላል፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሙሽራዋ እናት ተከትላኝ መጥታ "ምነው፣ ጢሱ አስቸገረሽ?" አለችኝ። "አዎ፣ ዓይኔን" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ሰርግ ቤት ገብቶ ለቅሶ የሚያወራ ሰው እኔም አልወድም።

ጠላ ጠልቼ አይደለም። ቢቀዳልኝ እጠጣለሁ፣ ከጣመኝም ይደገመኝ እላለሁ። የማልችለው የጋን ጢስ ነው። እሱ ሲሸተኝ ያቺው ትንሽ ልጅ እሆናለሁ፤ ሲማዳ፣ አክስቴ ስመኝ ቤት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር ወንድ ልጅ ያለበትን ደጅ ሁሉ የሚያንኳኳበት ጊዜ። እናቴ ላይ ጋይንት ውስጥ አራስ ነበረች፤ የአራስ ገንፎዋን ዱቄት እንኳን ጎረቤት ነበር የሚያዋጣላት። ስለዚህ አንድ አፍ ይቀነስ ተባለና እኔ ሲማዳ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ ተላክሁ፤ ውሃ እየቀዳሁ እንድበላ።

አክስቴ ስመኝ ረጅም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ተቆጥታም ትሳደባለች፣ ወድዳም ትሳደባለች። የደረስኩ ዕለት "ይህችን ቀጫጫ ማን ጣለብኝ!" ብላ ተቀበለችኝና የራሷን እራት ሰጠችኝ። በጠላ የሚደርስባት አልነበረም። በዚያ አካባቢ ሰርግ ወይም ተዝካር ሲኖር እሷ ሳትቀምስ ጋን አይከፈትም። ጥንስሱን በጣቷ ነካ አድርጋ ትቀምስና "ጌሾው በዝቷል" ካለች በዝቷል፤ ክርክር የለም።

መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከጓሮ አጥር አልፎ ጥቂት ሲኬድ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከስር የበሽሎ ቆላ ይታያል፣ ሙቀቱ ከሩቅ እየተርገበገበ። ታች ዋሻዎቹ ውስጥ ከአፈሳ የሸሹ የመንደሩ ልጆች ይኖሩ ነበር። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ሲሳይም እዚያ ነው። ትልቁን፣ መልካሙን፣ ወገዳ ገበያ በሬ ሊሸጥ ሄዶ ከገበያው መሀል አፍሰውታል። በሬው ቤቱን አስታውሶ ብቻውን ተመለሰ። ለሲሳይ ደግሞ አያ ካሴ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ ቀፎዬን ልጎበኝ ነው እያሉ ወደ ቆላ ይወርዱና በሶ ያደርሱለታል፤ የእሱን ደህንነት ለእናቱ ይዘው ይወጣሉ።

እኔ በደረስኩ በጥቂት ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰዎች ደጃችን መጥተው ቆሙ። የነፍስ አባቷ መምሬ ልሳኑ፣ አያ ካሴ፣ ሌላው ደግሞ የማላውቀው፣ በምርኩዝ የሚሄድ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ደጅ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አክስቴ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ማንም ምንም ሳይናገር፣

"የትኛው?" አለች።

"መልካሙ ነው ልጄ፣" አሉ መምሬ ልሳኑ። "ይህ ወንድማችን አብሮት ነበር። እጁ ላይ ነው ያረፈው።"

አክስቴ አፏን ከፈተች። እኔ ጩኸቱ ይመጣል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችውና መሬት ላይ ዘፍ አለች። ትወዛወዛለች፣ ደረቷን ትደቃለች፤ ድምፅ ግን የለም። ቆይታ ጨርቁን ከአፏ አወጣችው።

"ማንም እንዳያለቅስ፣" አለች። "ሲሳይ ከሰማ ይወጣል። ወንድሙ ሞቶ ዋሻ የሚቀመጥ ልጅ አልወለድኩም። አያ ካሴ፣ በመድኃኔዓለም! ከጠየቀዎት መልካሙ ደህና ነው ይበሉት።"

"እኔ በሽምግልናዬ ልዋሽ?"

"ይዋሹ።"

መምሬ ልሳኑ መሬት መሬት አዩ እንጂ አልገሠጿትም።

እኔ ያኔ ሞት የገባኝ በለቅሶው በኩል ነበር። ሰው የሚሞተው ሲለቀስለት ይመስለኝ ነበር፤ ድንኳን ሲጣል፣ ሙሾ ሲወርድ፣ ሴቶች ፊታቸውን ሲነጩ። ለመልካሙ ይህ ሁሉ አልሆነም። ስለዚህ የሰዎቹ ወሬ ገና አልጸደቀም ማለት ነው፣ ሐሳባቸውን ሊቀይሩ ይችላሉ፣ እሱም መንገድ ላይ ይሆናል ብዬ ልቤን አሳረፍኩት። አክስቴ ወንዝ ወርዳ ፊቷን ከውሃው ስታስገባ አየኋት፤ ለረጅም ጊዜ አላወጣችውም። ጠጥታ የጠገበች መስሎኝ ነበር። ውሃ ውስጥ እየጮኸች እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የሚፈራው ፈንቴ ነበር። ፈንቴ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፣ የአክስቴ የሟች ባሏም ያጎት ልጅ። ከላይ የሚታዘዘውን የወጣት ኮታ የሚሞላው እሱ ነው። በማዶው ጎጥ አንድ አባት ሲሞት፣ መርዶውን ራሱ ወደ ቆላ አስወርዶ፣ ልጁ ለቀብር ሲወጣ ከመቃብሩ አፍ አስይዞታል። የመልካሙን ሞት ከሰማ ለሲሳይም ያንኑ ያደርጋል። ሲያዩት ደግሞ ቀጭን፣ ትሁት፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። ሰው ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል። ሊቀመንበር ሲኮን ከመንግሥት ማኅተምና አፍንጫ አብሮ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ መምሬ ልሳኑ ጠበል ሊረጩ መጡ። አክስቴ እግራቸው ስር ተቀምጣ የተዝካሩን ነገር አነሳች።

"ተዝካሩ በጸሎት ይሁን ልጄ፣" አሏት። "ስሙን በቅዳሴ አነሳዋለሁ። ጠላው ይቅር። ጊዜውን ታውቂዋለሽ።"

"አባ፣ አልቀበርኩትም፣" አለች። "አላለቀስኩለትም። ሬሳውን አላጠብኩም፣ ደረቴን ሰው ፊት አልመታሁም። የማውቀው ሥራ አንድ ነው። እሱን እንኳን ልሥራለት እንጂ!"

መምሬ ልሳኑ መስቀላቸውን አሳለሟት። "እንግዲህ እግዜር ይርዳሽ" አሉ።

ለዘር ያስቀመጠችውን ገብስ ከጎታው ስር ጠርጋ አወጣች። ጎረቤታችን እታፈራሁ ስታይ ጊዜ ክው አለች። እታፈራሁ አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሴት ነበረች።

"ዘርሽን? ክረምት እየመጣ?"

"ማን ሊያርስልኝ ነው?" አለቻት አክስቴ።

ገብሱን ዘፍዝፈን፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለን፣ ድንጋይ ጫንንበት። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ገልጬ አያለሁ፤ ፍሬው ነጭ ጅራት አውጥቶ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ሲበቅል ጓዳ ውስጥ፣ ከአልጋው ስር አሰጣነው። ጌሾውን እታፈራሁ በጉያዋ አመጣችልን፤ ከወገዳ ገበያ ጌሾ ገዝቶ መግባት በዚያ ወቅት እንደ መለከት ነበር። እኔ ብቅሉን ስለቅም፣ ለማን እንደሚጠመቅ ስላልነገረችኝ በራሴ ደረስኩበትና ጠየቅኋት።

"አክስቴ፣ መልካሙ ሲመጣ ይሄን ይጠጣል?"

እጇ ቆመ። "ይጠጣል" አለችኝ። ስድብ አልጨመረችበትም። ያኔ ነው የፈራሁት።

የጠላ ክፋቱ መሽተቱ ነው። ብቅሉ ይሸታል፣ እንኩሮው ሲታመስ ቀዬውን ያውደዋል፣ የጋን ጢስ ደግሞ ማዶ ይሻገራል። የአገሬ ሰው አሽትቶ ብቻ ድግሱ መቼ እንደሚደርስ ይነግርሃል። በዚያ ላይ ሰርግ የለም፣ የሚያስደግስ በዓል የለም፣ እህል የለም። ለደቦ ነው እንዳይባል ደቦ የሚወጣ ወንድ የት አለና? በዚያ ወቅት አንድ ቤት ጋን ከታጠነ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

"ሳላጥነው ብጠምቅስ?" አለች አክስቴ።

"ለሙት ልጅሽ ሆምጣጤ ልታጠጪ?" አለች እታፈራሁ። ትንሽ አሰበችና ጭኗን መታች። "ሁላችንም እንጠን!"

"ምን?"

"ሁላችንም! ያለውም የሌለውም ጋኑን ያውጣና ይጠን። ቤቱ ሁሉ ከጤሰ ፈንቴ የማንን ቤት ይይዛል? ጋን ሻገተብን እንላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?"

አክስቴ ሳቀች። መርዶው ከመጣ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ያ ቀን ደስ ይል ነበር፣ ምን ልበል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ደስ ማለቱ ነው። ከፋሲካ ወዲህ እህል ቤታቸው ያልገባ ሴቶች ጋናቸውን እያንከባለሉ አወጡ፤ በግራዋ ቅጠል እያሹ አጠቡ፤ አፉ የተሸረፈውም፣ ሆዱ የተሰነጠቀውም ወጣ። ከየደጁ የወይራ ፍልጥ ይጤሳል፣ በየጢሱ ላይ ጋን ተደፍቷል። ሴቶቹ ከአጥር አጥር ይጣራሉ። "ያንቺስ ስንት እንግዳ ይችላል?" "ንጉሥ ብጠራስ መች ያንሰኛል!" ውስጡ አየር ብቻ ነው። ነፋስ አልነበረም፤ ጢሱ ከመንደሩ በላይ ተኝቶ ዋለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ በገደሉ አፍ ወደ ቆላ መውረድ ጀመረ። እኛ ልጆች ጢሱ ውስጥ እንሯሯጥ ነበር።

ፈንቴ ሁለት ሚሊሺያ አስከትሎ መጣ። ቤት ለቤት ዞረ። እኛ ቤት ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ፤ ያን ቀን ግን አፍንጫው ምንም አልጠቀመውም።

"እንደምን ዋሉ እትዬ ስመኝ። ምን ተገኝቶ ነው ዛሬ?"

"ጋኔ ሻግቶብኝ ነው።"

"የመንደሩ ሁሉ ሻገተ?"

"አንድ ዝናብ እኮ ነው የሚዘንብብን" አለችው።

ጎንበስ ብሎ ጋኑ ውስጥ አየ፤ ባዶ ነው። አልጋ ስር አየ። ብቅሉ ስልቻ ውስጥ ነበር፣ ስልቻው ላይ እኔ ተቀምጬበታለሁ። "ይህች የማን ናት?" አለ። "የእህቴ ናት። በልታ አትጠግብም" አለችው። ራሴን ዳበሰኝና ወጣ። እታፈራሁ በአጥር በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ አክስቴን ጠቀሰቻት። ሁለቱም ሊስቁ አፋቸውን ይዘው ነበር።

ሲሳይ ያኔ ነው ከገደሉ አፍ ብቅ ያለው።

መጀመሪያ ያወቀው ሰው አልነበረም። ፀጉሩ አድጓል፣ ፀሐይ አክስሎታል። ልብሱን ግን አጥቦ ነው የለበሰው፣ ገና አልደረቀም። በሁለት እጁ በቅጠል የተጠቀለለ ሰፈፍ ማር ይዟል። አይሮጥም፣ አይደበቅም። እንደ ሙሽራ ሚዜ በመንገዱ መሀል እየሳቀ ይመጣል።

"እማ!" አለ ከሩቅ። "ምሕረት ወጣ አይደል?"

አክስቴ እጇን ዘረጋች፤ ተመለስ ለማለት ነው። እሱ ና ያለችው መሰለው። ከአጥሩ ጥግ ፈንቴና ሚሊሺያዎቹ ብቅ ሲሉም አልደነገጠም። ይልቅ የዘመድ ፊት በማየቱ ደስ ብሎት ማሩን ለፈንቴ ዘረጋለት።

"ጋሽ ፈንቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃን።"

ፈንቴ ማሩን ተቀበለ። ሚሊሺያዎቹ የሲሳይን እጅ ወደ ኋላ ጠመዘዙት። ያኔም ልጁ አልገባውም፤ በተራ ያየናል።

"ከታች ስናየው ቤቱ ሁሉ ይጤሳል፣" ይላል። "የጋኑ ሽታ እስከ ዋሻው ወርዷል። ቤቱ ሁሉ ጋን ካጠነ ልጆቹ ሊገቡ ነው፣ ዐዋጅ ተነግሯል ተባባልን። እኔ ቀድሜ ልይላችሁ ብዬ… እማ፣ ድግሱ የማን ነው ታዲያ?"

በየደጁ ሴቶቹ ጋናቸው አጠገብ ቆመዋል። እታፈራሁ መሬት ላይ ወድቃ "እኔ ነኝ ያስያዝኩት፣ እኔ ነኝ!" ትላለች። አክስቴ ልጇ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ እታፈራሁን ከወደቀችበት አነሳቻትና አቧራዋን አራገፈችላት።

ሲሳይ ከሌላ ጎጥ ከተያዙ ልጆች ጋር የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተዘጋበት። መኪናው ከወገዳ የሚመጣው ቁጥሩ ሲሞላ ነው ተባለ። አክስቴ ሥራዋን አላቆመችም። በታጠነው ጋን ጠነሰሰች። እንኩሮውን ከፀሐይ ጋር፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ አመሰችው። አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ "ኧረ ስመኝ፣ ይሸታል እኮ!" አለቻት። "ይሽተት። አሁን ማንን ልደብቅ?" አለች። እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ድንዝዝ፣ እንጨት አቀብይ!" ትላለች። ስድቡ በመመለሱ ደስ ብሎኝ እንጨት አቀብላለሁ።

ድፍድፉ ሳይበስል መኪናው ነገ ይገባል የሚል ወሬ መጣ። አክስቴ ጋኑን ከፈተች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨፈገገች። ጉሽ ነው፣ ገና አልጠራም። እንደዚያ ሆኖ ከእሷ ቤት ጠላ ወጥቶ አያውቅም። በገንቦ ቀድታ በጀርባዋ አዘለችው፤ እኔ ሽክናውን ይዤ ተከተልኳት። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ቆም ብላ ዞረችብኝ።

"ስለ መልካሙ ትንፍሽ ብትይ ምላስሽን ነው የምቆርጠው። ለሚሄድ ልጅ መርዶ ስንቅ አይሆነውም።"

መርዶ የሚለው ቃል ከራሷ አፍ ወጣ። መልካሙ የእውነት የሞተው ለእኔ ያኔ፣ እዚያ መንገድ ላይ ነው። እያለቀስኩ ሄድኩ፤ እንዳይሰማ አፌን በሽክናው ከልዬ።

መጋዘኑ በር ላይ ፈንቴ ራሱ ቆሟል። "የምን ጠላ ነው እትዬ ስመኝ?" አላት በትሕትና። "የልጄ ነው" አለችው። በሩን ከፈተልን።

ውስጡ የአይጥና የጤፍ ገለባ ሽታ ነበረው። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲሳይ ሲያየን ተነሳ፤ እጁ ተፈቷል፣ አንጓው ላይ ገመዱ የላጠው አለ። አክስቴ ሽክናውን ሞልታ ሰጠችው፣ ሳይተነፍስ ጨለጠው።

"ጉሽ ነው እኮ እማ፣" አለ እየሳቀ። "አንቺ ጉሽ ትቀጃለሽ ቢሉኝ ባላመንኩ!"

"ቸኮልኩ።"

"ይጥማል ግን።" ሽክናው ለጎረምሶቹ ሁሉ ተዳረሰ። ሁሉም ጠጡ፤ አንዱ ልጅ ከጠጣ በኋላ እንደ ትልቅ ሰው "እግዜር ይስጥልን፣ ዓመት ዓመት ያድርስልን" ብሎ መረቀ። አክስቴ "አሜን" አለች። መምሬ ልሳኑ የሉም፣ ጧፍ የለም፣ ስሙን የሚያነሳለት የለም። የመልካሙ ተዝካር ያ ነበር። ያወቅነው እሷና እኔ ብቻ ነን።

ፈንቴ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። መሄዳችን ነው። ሲሳይ የእናቱን ትከሻ ያዘ።

"አይዞሽ እማ፣ እንዲህ አትሁኚ። እንግዲህ እኔም እዚያው አይደል የምሄደው? ጠይቄ ጠይቄ መልካሙን አገኘዋለሁ። አንድ ላይ ከሆንን ምን እንሆናለን። ምን ልበልልሽ?"

አክስቴ ቀና ብላ አየችው። እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ይዣለሁ።

"ደህና ናት በለው" አለችው።